ግራ እጃቸውን ያወጡ ልጆች

ትኬት ቆራጭ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት በደንብ ያወቅኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ያልከፈለ ሰው መስኮት እንደሚያይ ነው። አውቶቡሱ የፈለገውን ያህል ቢጨናነቅ፣ ሰው በሰው ላይ ቢደራረብ፣ ያልቆረጠውን ተሳፋሪ ካለበት አገኘዋለሁ። የከፈለው ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ ያልከፈለው ግን ድንገት የመንገድ ዳር ሱቆች የሚማርኩት ሰው ይሆናል። ትከሻውን ነካ አድርጌ "ወንድሜ፣ ሱቁን ሌላ ቀን ትገዛዋለህ፣ ለዛሬ ትኬት ቁረጥ" እለዋለሁ። ተሳፋሪው ይስቃል፤ እሱም እያፈረ እጁን ኪሱ ይከታል።

ከዚያ አውቶቡሶቹ ላይ ካርድ የሚያነብ ማሽን ተገጠመና ትኬት ቆራጮቹ በሙሉ ተሰናበትን። ማሽኑ አይቀልድም፣ አይቆጣም፣ ዓመት ፈቃድም አይጠይቅም። ባለቤቴ የዚያው አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ እሱን የሚተካ ማሽን ገና ስላልመጣ ሥራው ላይ ቀረ። እኔ አርባን ተሻግሬ ቤት ዋልኩ። ቤት መዋል ደግሞ ለእኔ አይሆንም። ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ሶፋ ላይ ስቀመጥ ወገቤን ያመኛል።

"መምህር እሆናለሁ" አልኩት አንድ ቀን እራት ላይ።

ባለቤቴ ጉርሻው ትን አለው። ውኃ ጠጥቶ ነፍስ ሲዘራ "አንቺ? ክፍሉን ሁሉ 'ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ' ልትዪ ነው?" አለኝ።

"አዎ፣ እላለሁ። አሁን ግን አንተ ጠጋ በልና መጽሐፌን የምዘረጋበት ቦታ ልቀቅልኝ።"

ቀልድ መስሎት ነበር። ትምህርት ቤት ሳለሁ ሒሳብ እወድ እንደነበር፣ አስተማሪዬ ሲቀሩ ክፍሉን የማስጠናው እኔ እንደነበርኩ፣ ከዚያ ኑሮ ጠምዝዞ አውቶቡስ ላይ እንደጣለኝ ያውቃል። ያላወቀው ነገሩ ከሆዴ እንዳልወጣ ነው። ያን ቀን ሳየው እኔም ገረመኝ።

መምህር ለመሆን መፈለግ ብቻ እንደማይበቃ የገባኝ ማሰልጠኛው ምዝገባ መስኮት ላይ ነው። መዝጋቢዋ ከመነጽሯ በላይ አየችኝና "ለልጅዎ ነው?" አለችኝ። "ለራሴ ነው!" አልኳት፤ ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ድምፄ የአውቶቡስ ድምፅ ነው፣ ምን ላድርገው? እሷም ጣቷን እያጠፈች መንገዱን ነገረችኝ። መጀመሪያ ትምህርቱ አለ። ከዚያ የጽሑፍ ፈተናው። እሱን ያለፈ በአንድ ነባር መምህር ክፍል ውስጥ መንፈቅ ሙሉ ይለማመዳል። መጨረሻ ላይ ገምጋሚ ይመጣና ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተለማማጇ አንድ ክፍለ ጊዜ ስታስተምር ያያታል። ያለፈች የሙያ ፈቃዷን ትወስዳለች፤ የወደቀች አንድ ጊዜ ብቻ ይደገምላታል።

"ሁለተኛ ከወደቀችስ?"

"ከስልጠናው ትሰናበታለች። ከፈለገች ከሀ ጀምራ ትመዘገባለች። እንደገና የተመዘገበ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም" አለችና ማህተሟን መታች።

አብረውኝ የሚማሩት ልጆቼ የሚሆኑ ናቸው። "ማዘር" ይሉኛል። ስለ ሕፃናት ሥነ ልቦና በተማርን ቁጥር ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል፤ አንዲት ልጅ ብቻ ወልጄ ይህን ያህል ከተከበርኩ አሥር የወለደችዋ ምን ልትሆን ነው? ጥናቴን የማጠናው ባለቤቴ አውቶቡስ ላይ፣ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ተቀምጬ ነበር። ደብተሬን ለእሱ እሰጠዋለሁ፤ ቀይ መብራት ሲይዘው ከደብተሩ አንድ ጥያቄ ያነብልኛል። አንዳንዴ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እኔ መልሱን ሳልጨርስ መኪናው ሁሉ ጡሩንባውን ይነፋብናል። ተሳፋሪዎቹም ለመዱን። አንድ አዛውንት ወርደው ከመሄዳቸው በፊት በመስኮቱ በኩል "መልሱ 'ሐ' ነው!" ብለውኝ ያውቃሉ። ተሳስተው ነበር። ፈተናውን ያለፍኩ ቀን ባለቤቴ ያለ ፌርማታ ቆሞ ጡሩንባውን ነፋ።

የልምምድ ክፍሌ አምስተኛ ክፍል ነበር። ክፍሉን የሚይዙት ነባር መምህርት ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። ጣታቸው እንዳይነጣ ጠመኔያቸውን በወረቀት ጠቅልለው በትንሽ ቆርቆሮ ሳጥን ይዘው ይመጣሉ። ልጆቹ ዞር ሲሉ "እትዬ ጸጥታ" ይሏቸዋል፤ እሳቸው ክፍል ውስጥ እውነትም ኮሽ አይልም። እኔ ፊት ለፊት "እትዬ" ብቻ እላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጥግ ላይ ቆሜ ሲያስተምሩ አየሁ። አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። አንድ ልጅ ጠሩ፣ መለሰ። ሌላ ጠየቁ፤ አሁንም ክፍሉ በሙሉ! አንዲት ጠሩ፣ እሷም መለሰች። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ አጋጥሞኝ ስለማያውቅ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ዕረፍት ላይ "እትዬ፣ ምን አብልተዋቸው ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

ፈገግ አሉ። "የሚያውቅ ቀኙን ያወጣል፣ የማያውቅ ግራውን። አንቺ ቀኝ ያወጣውን ብቻ ትጠሪያለሽ። ከኋላ የተቀመጠ እንግዳ የሚያየው የእጅ ብዛት ነው፤ ቀኝና ግራውን ማን ይለያል?"

"ለገምጋሚ ነው ታዲያ?"

"ድሮ ለገምጋሚ ነበር። ኋላ ልጆቹም ለመዱት፣ እኔም ለመድኩት። ጊዜ አይባክንም፣ ማንም ተነሥቶ አያፍርም። ምን ይጎዳል?"

እኔም ምን እንደሚጎዳ አልታየኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ቆሜ ሳስተምር ቀኝ እጅ እያየሁ እጠራለሁ፤ መልሱ ቁልጭ ብሎ ይመጣል፤ እኔም ጎበዝ አስተማሪ የሆንኩ ይመስለኛል።

ገምጋሚው መጀመሪያ ሲመጡ ሁሉም ነገር እንደዚያው ሄደ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ኋላ መቀመጫ ላይ ጉልበታቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እኔ እቅዴን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተወጣሁት፤ ድምፄ ሦስት ክፍል አልፎ ተሰማ፤ የጠየቅኳቸው ልጆች በሙሉ መለሱ። ደወሉ ሲደወል የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እየዘጋሁ ነበር። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ።

ገምጋሚው ልጆቹ እስኪወጡ ጠበቁና "ጥሩ ድምፅ አለዎት። እቅድዎን በሰዓቱ ጨርሰዋል። ማን ምን እንደተማረ ግን አላየሁም" አሉኝ።

"እንዴ! ሁሉም መለሱ እኮ!"

"የጠየቋቸው መልሰዋል" አሉና ወረቀታቸውን አጥፈው ወጡ።

ውጤቱ ሲመጣ ወድቄ ነበር። ንዴቴን አትጠይቁኝ። ቤት ገብቼ ድስቱን አንኳኳሁ፣ በሩን አንኳኳሁ፣ ባለቤቴ የሚንኳኳ ነገር እንዳይሆን ብሎ ጥጉን ይዞ ተቀመጠ። "ደንቆሮ ናቸው እንዴ ሰውዬው? ከዚህ በላይ ምን ይምጣላቸው?" አልኩ። እሱ እስክጨርስ ጠብቆ "ታዲያ አንድ ቀርቶልሽ የለም?" አለኝ። አንድ ቀርቶኛል። እሱን ደግሞ ጥርሴን ነክሼ አልፈዋለሁ ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ገምጋሚው ምን አይተው ነው ብዬ እሳቸው የተቀመጡበት ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። እትዬ ያስተምራሉ። ጥያቄ ሲጠይቁ እጆቹ ከፊቴ ተነሡ፤ ከኋላ ሆኜ ሳያቸው ግን ሌላ ነገር ነበሩ። ፊት ለፊት ስቆም ዓይኔ ቀኝ እጅ እየመረጠ ስለሚዘል ግራዎቹን አላያቸውም ነበር። ከኋላ ሲታዩ ከቀኙ አይተናነሱም።

ከፊቴ፣ መስኮቱ ሥር፣ አንዲት ደቃቃ ልጅ ተቀምጣለች። ግራ እጇ እንደተሰቀለ ነው፤ እሷ ግን መስኮቱን ታያለች። ውጭው ላይ ደግሞ ከግንብ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ሌላ ጥያቄ ተጠየቀ፤ ግራ እጅ፣ መስኮት። ሌላም ተጠየቀ፤ ግራ እጅ፣ መስኮት። ይቺ ልጅ ትኬት አልቆረጠችም አልኩ በልቤ። ከዚያ ወዲያ ለራሴ "መስኮት" አልኳት።

ዕረፍት ላይ ጠጋ አልኳትና "ሒሳብ ላይ ግራሽን ማውጣት የጀመርሽው መቼ ነው?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ክፍልፋይ የጀመርን ጊዜ ነው።"

ክፍልፋይ የጀመርነው ዓመቱ ሲጀመር ነው። "ምኑ እንዳልገባሽ የጠየቀሽ ሰው አለ?"

ልጅቷ አዘነችልኝ መሰለኝ፤ ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዱት ቀስ ብላ "ቲቸር፣ ግራ ያወጣ ሰው አይጠራም እኮ" አለችኝ። ክንዷን እያሸች ነበር። ያልተጠራ እጅ ለካ ይደክማል። አንጀቴን በላችው።

የሁለተኛው ግምገማ ሊደርስ ሲል እትዬን በመምህራን ክፍል ብቻቸውን አገኘኋቸውና የሆዴን አወጣሁት። "እትዬ፣ ግራ ያወጡትንም ብጠራስ?"

ጠመኔያቸውን በወረቀት መጠቅለላቸውን አላቋረጡም። "ገምጋሚ ተቀምጦ?"

"አዎ።"

"ስሚኝ ልጄ። ትጠሪያታለሽ፣ ትነሣለች፣ ዝም ትላለች። አንቺም ዝም ትያለሽ። ሰውዬው ይጽፋል። ይቺ የመጨረሻሽ ናት፤ ሁለት ዓመት የለፋሽበት ገደል ይገባል። መጀመሪያ ፈቃድሽን ያዢ። ከዚያ በኋላ በገዛ ክፍልሽ የፈለግሽውን ጥሪ።"

ክፋት እንደሌለበት አውቃለሁ፤ እናት ለልጇ የምትመክረው ምክር ነው። ባለቤቴም የነገርኩት ጊዜ "ሴትዮዋ ልክ ናቸው" አለ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጠዋት ክፍሉ ስገባ እኔም ልቤ ከእትዬ ጋር ነበር። ፈቃዴን ልይዝ፣ ከዚያ ሰው ልሆን።

ገምጋሚው ያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እትዬ ቆርቆሯቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ቆሙ። የዕለቱ ትምህርት የታቻቸው ቁጥር የማይመሳሰል ክፍልፋዮችን መደመር ነበር። ጀመርኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር፤ ልምምድ አድርጌበታለሁ። አንድ ጠየቅኩ፤ ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ፤ አንዱን ቀኝ ጠራሁ፤ መለሰ። ሌላ ጠየቅኩ፤ ሌላ ቀኝ ጠራሁ፤ መለሰች። ገምጋሚው ይጽፋሉ። እትዬ አንገታቸውን ነቀነቁልኝ። አውቶቡሱ በደህና መንገድ ላይ ነው።

ሰሌዳው ላይ "ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ" ብዬ ጻፍኩና ዞርኩ። እጆቹ ተነሡ። የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ ቀኝ እጁን ሊገነጥለው ምንም አልቀረውም፤ መልሱ አፉ ላይ ደርሷል። እሱን ጠርቼ መገላገል እችል ነበር። ዓይኔ ግን መስኮቱ ሥር ሄደ። ደቃቃዋ ክንድ ተሰቅላለች፤ ልጅቷ ግንቡን ታያለች።

ትኬት ያልቆረጠ ተሳፋሪ አይቼ አልፌ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ! በዚያ የኩራት ሥራዬ ያላደረግኩትን እዚህ ላደርገው ነው? ደሜ ፈላ። የተናደድኩት በልጅቷ አይደለም፣ በእትዬም አይደለም፤ በራሴ ነው።

"አንቺ፣ መስኮቱ ሥር ያለሽው። ተነሺ።"

ልጅቷ ደነገጠች። እጇን አየች፣ እኔን አየች፣ ተሳስቼ መሰላትና ልታተርፈኝ ፈለገች። ጎንበስ ብላ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ "ቲቸር፣ ግራዬን እኮ ነው ያወጣሁት" አለች።

ክፍሉ ተንሾካሾከ። "ግራ ናት! ግራ ናት!" የፊት ወንበሩ ልጅ ለእኔ ተጨንቆ በጣቱ ወደ ኋላ እየጠቆመ "ቲቸር፣ እሷ ግራ ናት!" አለኝ። ጉዱ ፈላ። በሩ አጠገብ የቆርቆሮው ሳጥን ቋ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ። ገምጋሚው መጻፋቸውን አቁመው ቀና አሉ።

"አይቻለሁ" አልኩ። ድምፄ የአውቶቡስ ድምፁን መልሶ ነበር። "ግራሽን ስላወጣሽ ነው የጠራሁሽ። ምኑ ነው ያልገባሽ?"

ዝም አለች። እትዬ የተናገሩት ዝምታ መጣ፤ ረዘመ። አልፌያት ሌላ ልጥራ ይሆን? አልጠራም አልኩ። ቆምኩ።

"እኔ ሁለት አምስተኛ ነው የሚመጣልኝ" አለች በመጨረሻ። "የላዩን ከላዩ ደመርኩ፣ የታቹን ከታቹ ደመርኩ። ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለምን እንዳልሆነ ግን አላውቅም።"

"ሌላስ ሁለት አምስተኛ የመጣለት?"

አንድ ግራ እጅ ወጣ። ዞር ዞር ብሎ አየና ሌላው አወጣ። ከዚያ ወዲህም ወዲያም ግራ እጅ ብቻ ሆነ፤ ቀኝ አውጥተው ከነበሩትም ሁለቱ ቀስ ብለው ቀየሩ። እቅዴን አየሁት፤ ገና አንድ ገጽ ይቀረዋል። አጠፍኩና ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

"ተነሡ! ስድስት ወንበር አምጡልኝ። ሁለት ሁለት እያረጋችሁ ደርድሩት።"

ያ ኮሽ የማይልበት ክፍል በወንበር ጩኸት ተናጋ። ስድስቱ ተደረደሩ። "ይሄ አውቶቡስ ነው። እኔ ትኬት ቆራጯ ነኝ፤ ሥራው ድሮም የእኔ ነው። በመጀመሪያው ፌርማታ የመቀመጫው ግማሽ ሞላ። ግቡ!" ሦስት ልጆች እየተጋፉ ተቀመጡ። "ግፊያ የለም! አሁን ሁለተኛው ፌርማታ ደረስን፤ የመቀመጫውን አንድ ሦስተኛ የሚይዝ ሰው መጣ። ስንት ሰው ነው?" ተከራከሩ። አንዱ ሦስት አለ፣ አንዷ ገፍታው "የስድስት ሲሶ ሁለት ነው!" አለች። ሁለት ገቡ። አንድ ወንበር ባዶ ቀረ።

መስኮትን ጠራኋት። "መልስሽን አምጪና እዚህ አውቶቡስ ላይ ለኪው።"

ልጅቷ ወንበሮቹን ዞረቻቸው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። "መጀመሪያ ግማሹ ሞልቶ ነበር" አለች። "ሁለት አምስተኛ ደግሞ ከግማሽ ያንሳል።" ቆመች። "እንዴ! ሰው ገብቶበት አውቶቡሱ ጎደለ ማለት ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ወንበር ላይ ካሉት አንዱ "ታዲያ ማን ወረደ?" ብሎ ጎረቤቱን ፈተሸ። እሷ ግን አልሳቀችም። አምስቱን ልጆች በጣቷ ነካች፤ ስድስቱን ወንበሮች ነካች። ከዚያ ፊቷ በራ።

"ወንበር አልተጨመረም! የተጨመረው ሰው ነው። እኔ ወንበሩንም ደምሬው ነበር። አምስት ስድስተኛ ነው!"

ከልጆቹ አንዱ አጨበጨበ፤ ከዚያ ሁሉም። ደወሉ ተደወለ። ወንበሮቹ ተዘበራርቀዋል፣ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ፣ እቅዴ መሬት ወድቋል፤ አንድ ልጅ ረግጦት አልፏል።

ልጆቹ ሲወጡ ሦስታችን ቀረን። ገምጋሚው ወደ ፊት መጡና "ግራ እጅ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

እትዬ በሩ አጠገብ ናቸው፤ ፊታቸው ጠቁሯል። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሴት ናቸው፤ እሳቸውን ማሳጣት አልፈለግኩም፤ መዋሸትም አልፈለግኩም። "ያልገባው ልጅ ምልክት ነው። እስከ ዛሬ ሳልጠራው አልፍ ነበር፣ ዛሬ ጠራሁት" አልኩ።

"የእሷ አይደለም" አሉ እትዬ። "ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። የሚጻፍ ካለ በእኔ ይጻፍ።"

ገምጋሚው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "እኔ ሳስተምር መዳፍና ጡጫ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "የሚያውቅ መዳፉን ይዘረጋል፣ የማያውቅ ይጨብጣል። ምን አዲስ ነገር አለው?" ወደ እኔ ዞሩ። "ባለፈውም ከኋላ ሆኜ ግራዎቹን እያየሁ ነበር። አንዱን ይጠራሉ ብዬ እስከ ደወሉ ጠበቅኩ።"

"ታዲያ አሁን ጠራሁ" አልኩ።

"አሁን ጠሩ። እቅድዎን ግን ግማሹን እንኳ አላስኬዱም። ይህንንም እጽፋለሁ" አሉ። ማለፌን ሳይነግሩኝ ሄዱ።

ውጤቱ እስኪመጣ ልቤ እንደተንጠለጠለ ነበር። እትዬ ከሥራ በቀር አያናግሩኝም፤ "ጠመኔ አቀብዪኝ"፣ "በሩን ዝጊው"፣ በቃ። ጥያቄ ሲጠይቁ ግን ቀኝ ጠርተው ከጨረሱ በኋላ ትንሽ ቆም ይላሉ፤ ግራዎቹን ያያሉ፤ ከዚያ ወደ ሰሌዳው ይዞራሉ። ቤት ደግሞ ባለቤቴን "ከወደቅኩ ከሀ እጀምራለሁ፣ ከአሁኑ እወቀው" አልኩት።

"ስትጨርሺ እኮ ሃምሳ ሊሞላሽ ነው።"

"ባልጀምርስ ሃምሳ አይሞላኝም?"

አሰበበትና "እሺ፣ ደብተሩን ከወንበሬ ሥር አላነሣውም" አለ።

አንድ ጠዋት እያስተማርኩ ርዕሰ መምህሩ በሩን ከፍተው አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። "በጊዜ አጠቃቀም ዝቅተኛ ነጥብ አግኝተሻል" አሉኝ። "አልፈሻል ግን። ፈቃድሽ ቢሮ ነው፣ ፈርመሽ ውሰጂ።" ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። የጎረቤት ክፍል አስተማሪ እሳት የተነሣ መስሎት ልጆቹን ይዞ ወጣ።

የልምምዴ የመጨረሻ ቀን እትዬ "ዛሬ ክፍሉ ያንቺ ነው" አሉኝና ሄደው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ትምህርቱ ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈል ነበር። ደንቡን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን ገልብጠህ ታባዛለህ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፣ ገለበጥኩ፣ አባዛሁ። "ያልገባው አለ?" ብዬ ዞርኩ። ጥቂት ግራ እጆች ነበሩ። ከእነሱ ኋላ፣ ከሁሉም ከፍ ብሎ፣ አንድ የተጨማደደ ግራ እጅ ተሰቅሏል።

ልጆቹ ዓይኔን ተከትለው ዞሩ።

"እትዬ?" አልኩ።

እትዬ ጸጥታ ከወንበሩ ተነሡ። እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ቆሙ። "ዕድሜዬን ሙሉ ገልብጡ እያልኩ አስተምሬያለሁ" አሉ። "ለምን እንደምንገለብጥ ግን ገብቶኝ አያውቅም። የምጠይቀውም ሰው አልነበረም።"

ጠመኔዬን አየሁ፣ ሰሌዳውን አየሁ። ለምን እንገለብጣለን? ፈቃዴ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ማህተሙ ገና አልደበዘዘም። ከእትዬ ዓይን ሸሽቼ ወደ መስኮቱ ስዞር፣ ደቃቃዋ ልጅ ትኩር ብላ እያየችኝ ነበር።

ጠመኔውን አስቀመጥኩና ግራ እጄን አወጣሁ።

ልጅቷ ከወንበሯ ዘላ ተነሣች። ወንበሩን በሁለት እጇ አንሥታ ወደ ፊት እየጎተተች "ቲቸር፣ ሌሎቹን አምስት ወንበሮች ማን ያምጣ?" አለች።